የተውሶ ወርቅ

ልጅ እያለሁ የጆሮዬ ጌጥ የመጥረጊያ ስንጥር ነበር። እናቴ ጆሮዬን በመርፌና በጥቁር ክር ከበሳችኝ በኋላ ቀዳዳው እንዳይደፈን ብላ ከቤታችን መጥረጊያ ቀጫጭን ስንጥሮች ሰበረች፤ ጫፋቸውን አለስልሳ፣ ቅቤ ቀብታ ሰካችልኝ። ጠዋት ጠዋት ፊቴን ስታጥበኝ አዟዙራ ታያቸውና ቅቤ ትጨምርበታለች። የዚያ ቅቤ ሽታና ጆሮዬ ስር የሚሰማኝ የትንፋሿ ሙቀት ዛሬም ከአፍንጫዬና ከአንገቴ አልጠፋም። "ወርቁ መቼ ነው?" እላታለሁ። "ሲደርስ" ትለኛለች። ምን ሲደርስ እንደሆነ አልነገረችኝም። እኔም ወርቅ እንደ ሚኒባስ በየተራው የሚመጣ ነገር ይመስለኝ ስለነበር ተራዬን እጠብቃለሁ።

ያደግኩት ሐርጌሳ ነው፤ ጋአን ሊባህ ሰፈር። አባቴ የልስን ሠራተኛ ነበር፤ እናቴ ደግሞ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሌላ ሰፈር በሰው ቤት ምግብ ታበስል ነበር። ሁለቱም ከወሎ ተነስተው፣ እንጀራ ይጎትታል እንደሚባለው፣ እንጀራ ጎትቷቸው የመጡ ናቸው። የምንኖረው ባሏ በሞተባት በአንዲት ሶማሌ ሴት ግቢ ውስጥ በተከራየናት አንዲት ክፍል ነው። ባለቤቲቱ ኩልሱም ትባላለች፤ ሰፈሩ ግን ሀበርያር ነው የሚላት። ሀበርያር የእናት እህት ማለት ነው፤ ሶማሌዎች በዕድሜ ከፍ ያለችን ሴት ሁሉ በአክብሮት እንዲህ ይጠራሉ፤ እኛም እንደ አገሩ ሆንን። ሀበርያር በስደቷ ዘመን ድሬዳዋ ስለኖረች አማርኛ ትናገራለች። ብቻ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። እናቴን "አንተ ዛሬ ቆንጆ ነህ" ስትላት አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይስቃል።

የእናቴ ስም ወርቅነሽ ነው። ሀበርያር ትርጉሙን ጠይቃ ስትረዳ "ይሄማ የኛ ስም ነው" አለችና ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳሀቦ ብላ ትጠራት ጀመር። ዳሀብ በሶማሊኛ ወርቅ ነው፤ ዳሀቦ የምትባል ሴት ደግሞ የማትገኝበት ሰፈር የለም። በሁለት ቋንቋ ወርቅ የሆነችው እናቴ ታዲያ በጆሮዋ የምታደርገው ወርቅ ቅብ ፍሬ ጉትቻ ነበር። እሱ የዘወትሯ ነው። ከሻሿ ስር ስለሚውል የሚያየው የለም፤ እሷ ግን ጆሮዋ ባዶውን የዋለ ቀን ቀኑን ሙሉ ይከፋታል። አንገቷ ላይ፣ ከልብሷ ስር፣ ማተቧ አለ። እሱን ግን ጌጥ ብሎ የጠራ ሰው ጠቡ ከሷ ጋር ነው።

የክቷ ሌላ ነበር። ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ በጥጥ ተጠቅልሎ የሚኖር የብር ድሪ፤ ስትዳር እናቷ አንገቷ ላይ ያጠለቀችላት። ለገናና ለፋሲካ፣ ያገራችን ሰዎች በአንዱ ቤት ተሰብስበን ስንውል፣ ድሪው ይወጣል። ከመውጣቱ በፊት ግን ይታጠባል፤ የዚያን ዕለት ድሪው ታጥቦ እስኪያልቅ ሌላ የሚታጠብም የሚበላም ነገር አልነበረም ብል አልዋሸሁም። የከሰል አመድ ይነፋል፣ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ ከዚያ እናቴ በርጩማ ላይ ትቀመጥና ቀለበት በቀለበት ታሸዋለች። የሐርጌሳ አቧራ መቼም ቆርቆሮ ቢዘጉበትም መግቢያ አያጣም። እኔ ሳፋ እይዛለሁ፤ እሷ ታስተምረኛለች። ለብር አመድና ሎሚ፤ ለወርቅ ለብ ያለ ውሃና ሳሙና፤ በረኪና የሁለቱም ጠላት። ሽቶ ጌጥ ከማድረግ በፊት እንጂ ካደረጉ በኋላ አይቀቡም። ጌጥ መጨረሻ ይለበሳል፣ መጀመሪያ ይወልቃል። ወርቅ ሳይኖረኝ የወርቅ አያያዝ ጠንቅቄ አወቅሁ።

መምረጥም ትወድ ነበር። መምረጥ ነው ያልኩት፤ መግዛት አላልኩም። መሀል ከተማ ወርቅ የሚሸጡት ሴቶች ናቸው። ጥላ ዘርግተው መንገድ ዳር ይቀመጣሉ፤ ወርቁ ፊት ለፊታቸው ተደርድሮ ፀሐይ ላይ ይብለጨለጫል። ለሶላት ሲነሱ ጨርቅ ጣል አድርገውበት ይሄዳሉ፤ የሚነካው የለም። እናቴ ከሥራ ስትመለስ እኔን አስከትላ እዚያ ጎራ ትልና እንደ ባለጉዳይ ትቀመጣለች። "ረጅም አንገት ያላት አጭር ሀብል ያምርባታል፤ አጭር አንገት ያላት እስከ ደረቷ ይውረድላት። እጅሽ ቀጭን ከሆነ ወፍራም አምባር አታድርጊ፣ የታሰርሽ ትመስያለሽ" ትለኛለች። ሻጮቹ እንደማትገዛ አሳምረው ያውቃሉ። ያም ሆኖ መስታወት ይይዙላታል፤ "ዛሬስ የቱን መረጥሽ?" ይሏታል። እሷም በጣቷ ታሳያለች። ከዚያ ሁሉም ይስቁና እኛ ወደ ቤታችን እንሄዳለን።

እናቴ በሕይወቷ የማትወደው አንድ ነገር ቢኖር መዋስ ነው። ጨው ያለቀባት ቀን አልጫውን ያለ ጨው ታቀርባለች እንጂ ጎረቤት አትልከኝም። የክፍል ጓደኛዬን ማስመሪያ ይዤ ቤት ከገባሁ ሳልቀመጥ መልሼ እንድወስድ ታዘኛለች። ለዚህ ሁሉ አንድ ተረት ነበራት፤ "በሰው ወርቅ አይደመቅም።" ለጃንጥላም፣ ለእርሳስም፣ ለድስትም ያችኑ ተረት ትመዛለች። አባቴ "ለድስት ሌላ ተረት ፈልጊለት" እያለ ያበሽቃታል።

የሀበርያር ትልቋ ልጅ ኢፍራህ ልታገባ ነው የተባለው የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ግቢያችን ነፍስ ዘራ። በር ተቀባ፣ ምንጣፍ ተራገፈ፣ የኢፍራህ አክስቶች ከቡርዖና ከበርበራ መጡ። የሀበርያር ትንሿ ልጅ ናስራ እኩያዬና የጨዋታ ጓደኛዬ ስለነበረች ከእጇ ላይ የሂና ሽታ ሳይጠፋ፣ ከእኔም እጅ ሳይጠፋ፣ ከምንጣፍ ምንጣፍ ስንዘል ከረምን። አንድ ቀን ከሰዓት ታዲያ አክስቶቹ የየራሳቸውን ወርቅ አምጥተው ምንጣፉ ላይ ዘረገፉት። እዚያ አገር ለሰርግ ወርቅ መዋዋስ ያለ ነው። የአክስት አምባር፣ የጎረቤት ጉትቻ፣ የእናት ሀብል ሙሽራዋ ላይ ይሰበሰባል፤ ሰርጉ ሲያልፍ ወደ የባለቤቱ ይመለሳል። እንግዶቹም እንዲሁ ካንዷ ወስደው ላንዷ ይሰጣሉ። ማን የማንን እንዳደረገች ሁሉም ያውቃል፤ በአፍ የሚያወጣው ግን የለም።

ሀበርያር በመስኮት ጠራችን። "ዳሀቦ፣ ና፣ አንተ ና።" እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች፤ እኔም ከኋላዋ። ኢፍራህ መስታወት ፊት ቆማ ያንዷን አክስት ሀብል ካንዷ ጋር ታስተያያለች። ሀበርያር ከራሷ ወርቅ አንድ ሀብልና ጉትቻ መርጣ መሀረብ ላይ አስቀምጣ ነበርና "ለሰርጉ ታደርጋለህ" ብላ ዘረጋችላት። እናቴ እሳት እንደነካት እጇን ሰበሰበች። ከዚያ ጨዋ ሆና እምቢ ለማለት ያችን ተረቷን አወጣች። በአማርኛ ብትላት ኖሮ ሀበርያር እንደ ነገሩ ሰምታ ባለፈችው ነበር። እናቴ ግን አክስቶቹም ይረዱ ብላ በዚያ በተሰባበረው ሶማሊኛዋ ተረጎመችው። ተረቱ ከአማርኛ ወደ ሶማሊኛ ሲሻገር ግማሹን መንገድ ላይ ጣለና "የሰው ወርቅ አድርጎ የሚያምር የለም" ሆኖ ወጣ።

ኢፍራህ እጇን ከሀብሉ ላይ አነሳች። ሀበርያር መሀረቡን በዝግታ አጣጠፈችና "ሀየ" አለች፤ እሺ ማለቷ ነው። እናቴ ምስጋናዋን አከታትላ፣ ራሷን አስከብራ የወጣች መስሏት፣ ቀና ብላ ወጣች። እኔም ምንም አልገባኝም።

ከማግስቱ ጀምሮ ግን ግቢው ተቀየረ። ዓርብ ዓርብ ከሀበርያር ቤት የሚመጣልን የሩዝ ሳህን ሳይመጣ ቀረ። ሰላምታዋ አጠረ፤ "ዳሀቦ" ማለቷን ትታ እናቴን በስሟ ሳትጠራ ታልፋት ጀመር። ከሁሉ የባሰው የኔ ነገር ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ሥራ ላይ ስለምትሆን የምውለው ሀበርያር ዘንድ ነበር። ምሳዬን የምታበላኝ፣ እንቅልፍ ሲጥለኝ ሻሽ የምታለብሰኝ እሷ ናት። በዚያ ሳምንት መጋረጃው ተጋርዶ ሳገኘው ደብተሬን አቅፌ የተቆለፈው በራችን ደፍ ላይ እየተቀመጥኩ እናቴን እጠብቃለሁ። እናቴ መጀመሪያ የሰርግ ጥድፊያ ነው አለች። ቀጥላ "ቤቱን ልታስለቅቀን ፈልጋ ይሆን?" እያለች ትብሰለሰል ጀመር። የኔ ጭንቀት ስለ ቤቱ አልነበረም። ሀበርያርን ነበር የፈለግኩት፤ በአንድ ግቢ እየኖርኩ ናፈቀችኝ።

ነገሩን የነገረችኝ ናስራ ናት። ደፉ ላይ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና "እናቴ ታለቅሳለች" አለችኝ። "ለምን?" ስላት "እናትሽ እህቴን የሰው ወርቅ አድርገሽ አታምሪም ብላታለች። በሰርጓ ሳምንት" አለች። ይህን ለእናቴ ስነግራት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። "ወርቅ ላበደረ ጠጠር የሚባለው እኔው ነኝ ለካ" አለች።

አባቴ "ይሄ ምን ያስጨንቃል? ሂጂና ለኢፍራህም ለአክስቶቿም ተረት ነው በያቸው" አለ።

"በየትኛው ሶማሊኛዬ? ያጣላኝ እሱ አይደለም እንዴ?"

"ትዕግስት ታስተርጉምልሽ።" ትዕግስት እኔ ነኝ።

"የኔን አፍ ጥፋት ልጄ አትጠርገውም" አለችና ፊቷን አዞረች። ያን ጊዜ ስታለቅስ አየኋት። ሽንኩርቱ ነው እንዳልል፣ ሽንኩርቱን ከተወችው ቆይታለች።

በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ቤት እንኳ ሳትገባ እጇንና ፊቷን ታጥባ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ ግቢውን አቋርጣ ወደ ሀበርያር ቤት ሄደች። እኔም ተከተልኳት። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ቆመች። አክስቶቹ የሰርግ ልብስ እያጣጠፉ ነበር፤ ሀበርያር መሀላቸው ተቀምጣለች። እናቴ እንደ ተማሪ እጆቿን አጣምራ "ዳሀብ ኢ አማሂ" አለች።

ወርቅ አውሺኝ ማለት ነው። እናቴ ይህን ቃል በየትኛውም ቋንቋ ለማንም ስትል ሰምቻት አላውቅም። ስትመጣ መሀል ከተማ ወርዳ፣ እነዚያን ወርቅ ሻጮች እንዴት እንደሚባል ጠይቃ፣ በሚኒባስ ውስጥ እየደጋገመችው እንደመጣች የነገረችኝ ኋላ ነው። ሀበርያር ቀና ብላ አየቻት።

"አንተ የሰው ወርቅ አያምርም ብለህ የለም?" አለች በአማርኛ።

"ለራሴ ነው ያልኩት። ለኢፍራህ አይደለም፤ ኢፍራህማ ልጄ ናት" አለች እናቴ። "ተረቱ ያገሬ ነው፣ ሀበርያር። ሐርጌሳን አያውቅም።"

ሀበርያር ይህን ለአክስቶቹ በሶማሊኛ ነገረቻቸው። አንዷ ጉንጯን ይዛ ሳቀች። ሀበርያር ግን አልሳቀችም። "እኛ ወርቅ ለሁሉም ሰው አንሰጥም" አለች። "ለእህት ነው የምንሰጠው። አንተ እምቢ ስትል እህት አይደለህም አልከኝ። እኔ ለዚህ ነው ያዘንኩት።" እናቴ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ልትይዝ ስትል ሀበርያር ክንዷን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ከዚያ ኢፍራህ ወርቁን አመጣችና ምርጫ ተጀመረ። ያን መጀመሪያ የተዘረጋላትን ሀብል ሀበርያር ራሷ መለሰችው። "ይሄ አይሆንም፤ አንተ አንገት ረጅም ነው" ብላ አጭሩን መረጠችላት። እናቴ በምርጫዋ መስማማቷን በዓይኗ ነገረችኝ።

ቀጥሎ ሀበርያር የኔን አገጭ ይዛ ፊቴን ስታዞር ስንጥሩን አየችው። "ይሄ ምንድን ነው? መጥረጊያ ነው?" ብላ ያን ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብላ ሳቀች። ናስራ ሕፃን ሳለች ያደረገችውን ትንንሽ የወርቅ ጉትቻ አስመጥታ፣ ስንጥሮቹን በጥንቃቄ ነቅላ፣ በራሷ እጅ አደረገችልኝ። ለሰርጉ ነው አለችኝ። ወርቅ እንዲያ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ካልነካሁት ያለ አይመስለኝም። እናቴም በዚያው ተነስታ ሮጣ ቆርቆሮዋን ይዛ መጣች። ኢፍራህ ለባህል ልብሷ ቀን፣ በዚያ ትከሻ ላይ በሚቋጠረው በጓንቲኖዋ ላይ፣ የእናቴን የብር ድሪ አደረገችው። አክስቶቹ ከየት እንደመጣ ሲጠይቁ ሀበርያር "ከእህቴ" ስትላቸው ሰማሁ።

በሰርጉ ዕለት እናቴ ምንም ነገር አልቀመሰችም። አንድ እጇ የራሷ አንገት ላይ፣ አንዱ የኔ ጆሮ ላይ ነበር፤ በየትኛው እጇ ትብላ? ሴቶቹ ሲጨፍሩ ስበው ቢያስነሷትም አንገቷን ይዛ ጨፈረች። አንዷ እንግዳ ጠጋ ብላ የማን ወርቅ እንደሆነ ስትጠይቅ ሀበርያር ቀደመቻት። "የሷ ነው እንጂ። ስሟ ዳሀቦ አይደል?" አለች። እናቴ ያኔ እጇን ካንገቷ ላይ አወረደች። እንደዚያ ቀን አምራ አይቻት አላውቅም፤ ይህን ስል እናቴ ስለሆነች ብቻ አይደለም።

ወርቁን ስንመልስ ደግሞ ሌላ ጣጣ። እናቴ ማልዳ ተነስታ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጥባ፣ በነጭ ጨርቅ አድርቃ ወሰደችው። ሀበርያር መሀረቡን ፈትታ ስታይ ፊቷ ተለወጠ። "ለምን አጠብክ? እኔ ቆሻሻ ነኝ?" አለች። እናቴ ክው አለች፤ ወደ እኔ ዞራ "ደግሞ ምን አደረግኩ?" ስትል ሀበርያር መቆጣቱን መጨረስ አቃታት። ሁለቱም ግድግዳውን ተደግፈው እስኪያነቡ ሳቁ። የዚያ ዓርብ የሩዝ ሳህኑ ከፍ ብሎ ተሞልቶ መጣ።

አሁን እናቴና አባቴ ወደ ወሎ ከተመለሱ ቆይተዋል። ሀበርያርም አርፋለች፤ ነፍሷን ይማር፣ እነሱ እንደሚሉት ደግሞ አላህ ይርሀማ። እኔ ግን እዚያው ሐርጌሳ ነኝ፤ ትኬት ቢሮ ካውንተር ላይ እሠራለሁ። የናስራ ወዳጅነትም አብሮኝ አለ። ወርቅም ደረሰልኝ፤ እንደ ሚኒባስ ሳይሆን ከደመወዜ በጥቂት በጥቂቱ። የዘወትር አለኝ፣ የክትም አለኝ። ለመምረጥ ስሄድም ገዝቼ እመለሳለሁ፤ ደስታው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እናቴ ሳትገዛ የምትደሰተውን ያህል ሆኖልኝ አያውቅም።

በቅርቡ የኢፍራህ ሴት ልጅ ተዳረች። ሥራ ጨርሼ ለባበስኩ፤ አንዱን ሀብል አደረግኩ፣ አንዱን ደግሞ በመሀረብ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ አንዷ አንገቷ ባዶ ሆኖ ባገኛት ብዬ ነው። አዳራሹ ውስጥ ስገባ ዓይኔ ማረፊያ አጣ። ሁሉም አንገት ሙሉ ነው። ሙሽራዋ ከራስ እስከ ወገብ የለበሰችው ከሱቅ የተከራዩት ወርቅ ቅብ ነው፤ እንግዶቹም እንዲሁ የየራሳቸውን ገዝተው ወይ ተከራይተው መጥተዋል። ያምራሉ፤ አያምሩም አልልም። ማንም ማንንም አላስቸገረም። አክስቶቹም ምንጣፍ ላይ የሚዘረግፉት ነገር ስላልነበረ የመጡት ለሰርጉ ሰዓት ብቻ ነው።

ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። ሰርጉን ከላይ እስከ ታች አስተረከችኝ፤ የሙሽራዋን ልብስ፣ የናስራን ጭፈራ። ከዚያ ሀብል ጨምሬ ይዤ እንደሄድኩ ስነግራት ደስ አላት።

"ለማን አዋስሽ ታዲያ?" አለችኝ።

"ለማንም። ሁሉም የየራሳቸው አላቸው፣ እማዬ። አሁን የሚዋዋስ የለም።"

"እሰይ፣ አግኝተው ነው" አለች። "ታዲያ" አለችኝ ቀጥላ፣ የምሯን ለማወቅ ፈልጋ፣ "ታዲያ በምን ይዋደዳሉ?"